ሦስት ሽማግሌዎች ለሁለት ራኬት

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እውነት መሆኑን ነው። እውነት ነው። ያላመነ ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ ድረስ ይሂድና ሚስ ሩት የሚባሉትን አሜሪካዊት ባልቴት ይጠይቅ። እሳቸው እስከ ዛሬ ድረስ ለጓደኞቻቸው ያወሩታል አሉ። በእርግጥ በእሳቸው አተራረክ እኔ ሙሽራ ነኝ፤ እሱን አትመኑ።

ያኔ አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምነዳ ሰው ነበርኩ። ትምህርት ሲዘጋ የእኔም ሥራ ይዘጋል፤ ስለዚህ ነሐሴን የማሳልፈው አስፐን ሂል ያለው ቤታችን ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነው። በሕይወቴ የምመራበት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ በሰው ጉዳይ አልገባም፣ ሰውም በእኔ ጉዳይ አይግባብኝ። ከግራ ጎረቤቴ ጋር ለዓመታት እጅ ከማውለብለብ ያለፈ ነገር የለንም፤ ስሙንም አላውቅም ነበር። ይህን እንደ ትልቅ ሥልጣኔ ነበር የምቆጥረው።

አባቴ አባባ ደምሴ ግን በዚህ ሥልጣኔ ሊሞቱ ደርሰው ነበር። ጉለሌ ሳሉ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ አከራይና ተከራይ ሲካሰሱ፣ ወንድማማቾች በአጥር ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በፋሚሊ ሪዩኒየን፣ በቤተሰብ ማገናኛ ቪዛ፣ እኔ ጋ ከመጡ ወዲህ ግን ሥራ ፈቱ። እዚህ ሰው አይጣላም ማለት አይደለም፤ ሲጣላ ለጠበቃ ይነግራል እንጂ ለአባባ አይነግርም። ጠዋት ሲንሸራሸሩ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ በስልክ የሚያወራ ሰው ካዩ፣ "ይኸው፣ አስታራቂ አጥቶ ብቻውን ይለፈልፋል" ይላሉ። ስልክ ነው ብላቸው አያምኑኝም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንደሚባለው፣ ጉዱ በፍልሰታ ጾም መጣ።

ባለቤቴ ማርታ አንድ የቴኒስ ክለብ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ክለቡ በዚያ ሳምንት የሴቶች ውድድር ያዘጋጃል። በቴሌቪዥን የምናያቸው ተጫዋቾች በትልልቅ ሆቴል ያርፋሉ፤ ስማቸውን የማናውቀው ደግሞ ቦርሳቸውን ተሸክመው ከአገር አገር እየዞሩ፣ የደረሱበት ከተማ ሰው ቤት ያድራሉ። ክለቡ "እንግዳ የሚቀበል ቤተሰብ ካለ" ሲል ማርታ እጇን አወጣች። እኔን ማማከር አላስፈለጋትም። "እንግዳ ይመጣል" አለችኝ፤ በዚሁ አለቀ።

እንግዳዋ ኦዲል ትባላለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች ፈረንሳዊት ናት፤ የተሸከመችው ቦርሳ እኔን ቢከቱበት ያስተኛኛል። የመጣች ማታ ማርታ ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ደረደረችላት። ኦዲል ቪጋን፣ ሥጋና ወተት ፈጽሞ የማንነካ ሰዎች፣ እንደሆንን ጠየቀችን። ማርታ "ለሁለት ሳምንት ብቻ" አለቻት።

እየበላች፣ ወይም እየነካካች ማለት ይሻላል፣ የሙያዋን ነገር አጫወተችን። አባቷ በትንሽ ከተማቸው ክለብ ውስጥ ራኬት ይወጥሩ ነበር፤ እሷም መራመድ የተማረችው የቴኒስ መረብ ይዛ ነው። በልጅነቷ የፈረንሳይ ተስፋ ተብላ ጋዜጣ ላይ ወጥታለች። ከዚያ ትከሻዋ ተጎዳ፤ ስትመለስ እኩዮቿ ርቀው ሄደዋል። ለብቻ መጫወቱ አላዋጣ ሲላት ክላሪስ ከምትባል ያገሯ ልጅ ጋር ተጣመረች። ሁለቱ አንድ ክፍል እየተጋሩ፣ በአንድ ሻንጣ እየተጓዙ ከቱኒዚያ እስከ ካዛኪስታን ዞሩ። ዋንጫም በሉ። ፓሪስ በሚደረገው ትልቁ ውድድር ሩብ ፍጻሜ የደረሱ ጊዜ የከተማዋ ዳቦ ጋጋሪ ስማቸውን ኬክ ላይ ጻፈ።

አባባ ይህን ሁሉ በእኔ ትርጉም ሲሰሙ ቆይተው፣ "ታዲያ ይቺ ክላሪስ የት አለች?" አሉ።

ኦዲል እንጀራዋን አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጨዋታ ሊያልቅ አንድ ነጥብ ሲቀር ክላሪስ ከኋላ ኳሷን ስትለጋ፣ መረቡ አጠገብ የቆመችውን የራሷን ጓደኛ ማጅራቷ ላይ መታቻት። ተሸነፉ። ኦዲል ክላሪስ ይቅርታ ትጠይቃለች ብላ ስትዞር፣ ክላሪስ "ጭንቅላትሽን እዚያ ምን አመጣው?" አለቻት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተነጋግረው አያውቁም። ኦዲል ክላሪስም ለዚሁ ውድድር መጥታ አሌክሳንድሪያ አንዲት ባልቴት ቤት ማረፏን፣ እሷም ገና ጥንድ እንዳላገኘች ታውቃለች። የባሰው ነገር፣ ኦዲል እዚህ በጥንድ ካልተጫወተች ወር መጨረሻ ኒውዮርክ ለሚደረገው ትልቅ ውድድር የሚያስገባት ነጥብ አይሞላላትም። ጥንድ ደግሞ የላትም። የጥንድ ምዝገባ በማግስቱ እኩለ ቀን ይዘጋል። ካልሆነላት ቴኒስ ትታ ወንድሟ የጣሪያ ክዳን የሚሸጥበት ሱቅ ልትገባ ወስናለች።

ይህን ስተረጉም የአባባ ዓይን እንዴት እንደበራ ባያችሁ። ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

"ሁለት እህትማማቾች ተኳርፈው እኛ እዚህ ሽሮ እንበላለን?" አሉ።

በዚህ አገር ሰው በሰው ጉዳይ እንደማይገባ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አልሰሙኝም፤ ስልክ አንስተው አቶ ጌታሁንን ጠሩ። አቶ ጌታሁን የታክሲ ባለቤት ናቸው፤ በሽምግልናም የታወቁ ናቸው፣ ግን ለጋብቻ ብቻ። ሌላ ነገር ሸምግለው አያውቁም። ሦስተኛ የሚሆኑት ሰውዬ ሀያትስቪል ልጃቸው ጋ ሰንብተው ስለነበር ሊመጡ አልቻሉም። አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ሦስት ካልሞላ ሽምግልና የለም አሉ። ጺሜ ገና አልሸበተም ብል፣ "ከመንገዱ ሙቀት ይሸብታል" አሉኝ።

ኦዲል ምን እየተደረገ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሽማግሌ እንደምንልክላት ነገርኳት። "ጠበቃ ማለት ነው?" አለችኝ።

"እንደ ጠበቃ ነው፤ ግን አይከፈለውም፣ ቢያባርሩትም አይሄድም" አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ጠዋት ሦስታችንን በጥቁር ሱፍ፣ በላዩ ነጠላ ደርበን፣ በዚያ በነሐሴ ወበቅ በር ላይ ቆመን ስታየን ነው ሳቋ የቆመው።

በአቶ ጌታሁን ታክሲ ጉዞ ጀመርን። ኦዲልን ከነራኬቷ ከኋላ አስቀመጥናት፤ ሕጉ ሽማግሌ ቀድሞ ይገባል፣ ባለጉዳይዋ ስትጠራ ትመጣለች። ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ እንደ ልማዱ ተዘግቶ ነበር። እዚያ ቆመን ሁለቱ ሽማግሌዎች ማን ቀድሞ ይናገራል በሚለው ተጣሉ፤ እኔ ላስታርቃቸው ነበር የቀረኝ። በመጨረሻ አቶ ጌታሁን የቨርጂኒያ ሰው ጠባይ አውቃለሁ በማለታቸው መክፈቻው ተሰጣቸው። በኋላ ሳጣራ ጠባዩን ያወቁት ከኤርፖርት ሲያመላልሷቸው ነው።

አሌክሳንድሪያ ደርሰን በሩን ብንቆረቁር ሚስ ሩት በግማሽ ከፍተው አዩን። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱን፤ "ሃይማኖት አለኝ፣ አመሰግናለሁ" ብለው ዘጉት። ደግመን ቆረቆርን። የክላሪስን ስም ስጠራ ከፈቱልን፤ ቡናማ ትንሽ ውሻቸው ቀድሞ ወጥቶ አቶ ጌታሁን ጫማ ላይ ቁጭ አለ። አቶ ጌታሁን ውሻ ይፈራሉ። ያንን እግራቸውን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላንቀሳቀሱትም።

ሚስ ሩት ተቀመጡ አሉን። አባባ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ሎሚናት አመጡልን፤ አባባ ጾመኛ ስለሆኑ አንጠጣም አሉ። አሮጊቷ ወደ እኔ ጠጋ ብለው አባቴ ወገባቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠየቁኝ።

ያኔ አቶ ጌታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰውየው ከጋብቻ ውጭ ሸምግለው አያውቁም ብያችኋለሁ። አፋቸው የሚያውቀውን መንገድ ይዞ ነጎደ። "የመጣነው ለመልካም ነገር ነው" አሉ። "ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ዘር ተቀላቅሎ እንዲባረክ ነው።" እኔም እንደ አውቶቡስ ሹፌር የተባልኩበት የምቆም ሰው ነኝና፣ ሳላስብ ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ሚስ ሩት ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ደረጃው አንገታቸውን አቅንተው ክላሪስን ተጣሩ፤ የሚያገቧት ሰዎች መጥተዋል አሏት። ክላሪስ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ እያነከሰች ወረደች። አጠር ያለች፣ ደንዳና፣ ፀጉሯ እንደ ወንድ የተቆረጠ ሴት ናት። ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን።

"የትኛው ነው?" አለች።

ሽበት የሌለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሁሉም እኔን አዩኝ። ሚስት አለኝ ብዬ ቀለበቴን አሳየኋት። ነገሩን ለማስተካከል ጊዜ ወሰደብኝ፤ ላቡ በነጠላው ውስጥ ይወርዳል። በመጨረሻ ከኦዲል ዘንድ የመጣን አስታራቂዎች መሆናችንን ስነግራት የክላሪስ ፊት ጠቆረ። ሳትጮህ፣ ውጡልኝ አለች።

ለአባባ ተረጎምኩላቸው። "ንገራት" አሉ፤ "ብትገርፈንም አንሄድም። ቆመን እንጠብቃታለን።"

እሷም እልኸኛ ናት፤ ወደ ኩሽና ገብታ ቁርሷን በላች። እኛ ቆምን። ማርታ ኮል አደረገችኝ፤ "ዮናስ፣ ሪጅስትሬሽኑን እኔ ነኝ የምዘጋው፣ እኩለ ቀን ማለት እኩለ ቀን ነው። ለአባባም ብዬ አላራዝምም" አለችኝ። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል፤ ውሻው አቶ ጌታሁን ጫማ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ውጡ ሲሉት የሚገተር ሰው አይቼ ብሆን ኖሮ ፖሊስ የምጠራው እኔ ነበርኩ።

ክላሪስ ሳህኗን ይዛ ስትመለስ ግን ዓይኗ አባባ እግር ላይ አረፈ። የአባባ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንበር ጎትታ አመጣችላቸው፤ በእጃቸው አይሆንም አሉ። "ጉልበታቸው እኮ እየተንቀጠቀጠ ነው" አለችኝ በቁጣ።

ነገርኳቸው። አባባ የእሷን በረዶ የታሰረበት ጉልበት ተመለከቱ።

"የእሷም ታሟል" አሉ። "ሁለታችንም ብንቀመጥ ደስ ይለኛል።"

ይህን ለክላሪስ ተረጎምኩላት። ከዚያ "የት ናት?" አለችኝ። መኪና ውስጥ መሆኗን ስነግራት፣ "በዚህ ሙቀት?" ብላ ራሷ በሩን ከፈተች።

ኦዲል ገባች። ተያዩ፤ ሰላምም አልተባባሉም። አባባ አሁን ተቀምጠዋል፤ ተቀምጠው ሲያዩዋቸው ሌላ ሰው ናቸው። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብለው ጀመሩና መጀመሪያ ኦዲልን፣ ቀጥሎ ክላሪስን አስነገሩ። አንዷ ስትናገር ሌላዋ እንዳታቋርጥ እጃቸውን ያነሳሉ። ኦዲል የመታት ኳስ ሳይሆን ክላሪስ የተናገረቻት ቃል እንዳመማት ተናገረች። ክላሪስ ደግሞ ያን ዕለት ማታ በረዶ ይዛ ክፍላቸው ድረስ እንደሄደች፣ ኦዲል ግን ከጋራ ሻንጣቸው ዕቃዋን ለይታ ሌላ ክፍል እንደገባች ነገረችን። በረዶው እጇ ላይ ቀልጦ ኮሪደሩ ላይ መቆሟን ኦዲል አታውቅም ነበር። እኔ መሃል ላይ ሆኜ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስገለብጥ ሁለቱ በፈረንሳይኛ ጀመሩት፤ ያን ጊዜ ምን ተባባሉ ብትሉኝ አላውቅም። አባባ ግን የገባቸው ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ጥንድ አግኝታችኋል ወይ አሉ።

ክላሪስ ከብዙ ሰው ጋር መጫወቷን ተናገረች። አንዷም መጥፎ አይደለችም። "ግን በቀዩ አፈር ሜዳ ላይ ስንጫወት" አለች፣ "ኦዲል በራኬቷ እየመታች የጫማዬን አፈር ታራግፍልኝ ነበር። ሌሎቹ የየራሳቸውን ብቻ ነው የሚያራግፉት።" ይህን ብላ ፊቷን አዞረች። አቶ ጌታሁን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

አባባ ጥርስና ምላስም ይጋጫሉ ብለው ፍርዳቸውን ሰጡ። ሁለቱም አጥፍተዋል፤ አንዷ በቃሏ፣ ሌላዋ በኩርፊያዋ። ስለዚህ እንደ ወጉ ሁለቱም ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ይቅር ይባባሉ አሉ። የአንዷ ትከሻ፣ የሌላዋ ጉልበት ተጎድቷል ብዬ ብማልድ፣ "ቀላል ድንጋይ ፈልግ" አሉኝ።

የሚስ ሩትን ጓሮ ዞርኩ። ሣርና አበባ እንጂ ድንጋይ የለም። ያገኘሁት ሁለት የሲሚንቶ እንቁራሪት ነው፤ አንዷ ዘውድ ደፍታለች። ሚስ ሩት እንዳትሰበር እያሉ ከኋላዬ ይከተሉኛል። እነዚያ ፓሪስ ላይ በሺዎች ፊት የተጫወቱ ሴቶች፣ ሳሎን መሃል እንቁራሪት በማጅራታቸው ተሸክመው፣ አጎንብሰው ፊት ለፊት ቆሙ። ከዚያ ክላሪስ ቀና ብላ ባለዘውዷን እንቁራሪት ኦዲል ማጅራት ላይ አየችና፣ "ጭንቅላትሽን እዚያ ምን አመጣው?" አለቻት።

ኦዲል ሳቋ አመለጣት። ክላሪስም ሳቀች። እንቁራሪቶቹን ሚስ ሩትና እኔ በአየር ላይ ያዝናቸው፤ ሁለቱ ተቃቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠው ሲስቁ መሃሉ ላይ ለቅሶ ሆነ። ውሻው ነቅቶ ይጮሃል። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ማርታ ጋ ስደውል ልትዘጋ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷታል፤ ስማቸውን ስነግራት እሷም ስልኩ ላይ እልል አለች፣ ቢሮው ውስጥ።

የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ሦስታችንም ሄደን አየን። ሚስ ሩትም መጡ። ክላሪስ በለጋች ቁጥር አባባ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ፤ ዳኛው ሁለት ጊዜ ተቀመጡ አላቸው። እኔ ኳሱን አላየሁም፤ ያየሁት የኦዲልን ማጅራት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ በእጇ አልሸፈነችውም፣ ዞራም አላየችም። አሸነፉ፤ ቀጣዩንም አሸነፉ፤ ለኒውዮርክ የሚበቃው ነጥብ ሞላ።

አንባቢዎቼ፣ እኔን ምን ለወጠህ ብትሉኝ፣ ስልኬ አሁን አያርፍም። የአባባ ሥራ ተመልሷል፤ ባለፈው ሰሞን እንኳ ውድብሪጅ ድረስ ሄደን በአንድ ጋራዥ የተኳረፉ ወንድማማቾችን አስታርቀናል። የግራ ጎረቤቴ ስሙ ኬቨን ነው፤ ከእህቱ ጋር አይነጋገርም፣ አባባ ዓይናቸውን ጥለውበታል። ማርታና እኔ ደግሞ አባባ እንዳይሰሙን ፓርኪንግ ወርደን መኪና ውስጥ ነው የምንጣላው። በሰው ጉዳይ አልገባም የሚለውን ሕጌን ግን ከዚያ ሳሎን ወዲህ አላገኘሁትም። ውጡ ስንባል ወጥተን ቢሆን ኖሮ፣ ክላሪስ ያን በረዶ ይዛ ኮሪደር ላይ መቆሟን ማንም ሳያውቅ ይቀር ነበር።

ኒውዮርክን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዙር ተሸነፉ፤ ያውም ገና ምሳ ሳይደርስ። ማታ ኦዲል ደወለች። እንዴት አጽናናታለሁ እያልኩ ስጨነቅ ድምጿ ደህና ነበር። ቴኒስ አቁሜያለሁ አለችኝ። ደነገጥኩ፤ ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ መቆም እንዳታቆም አልነበረም ወይ?

"ዮናስ" አለችኝ፣ "ማቆም ከፈለግኩ ቆይቻለሁ። ብቻዬን ማቆም ነው ያቃተኝ። ዛሬ ክላሪስ አፈር የሌለበትን ጫማዬን አራግፋልኝ ተያይዘን ወጣን።"

አባባ ምን አለች እያሉ እጄን ይጎትቱኛል። መሸነፋቸውን፣ ማቆሟን ነገርኳቸው። ያዝናሉ ብዬ ስጠብቅ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሲወጡ አብረው ነበሩ?" አሉ።

"አብረው ነበሩ፣ አባባ።"

"እንግዲያው አሸንፈናል" ብለው ሊተኙ ገቡ።